«የተፈታችዋን ምረጥ» ያልሁት እኔ ነኝ

ለውድ ወንድሜ ለዓባይ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤትህ፣ ሱቅህ፣ የምትረግጣት የሰው አገር መሬት ሁሉ እንደምን ከርመውልሃል? ያ በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ የጎን ውጋት ተወህ፣ ወይስ ዛሬም በትራስ ደግፈኸው ነው የምትተኛው? ባለቤትህ ትዕግስትስ እንዴት ናት? ልጅህ አምደሚካኤልስ አማርኛ ለመደ፣ ወይስ ሲያለቅስም በእንግሊዝኛ ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ይኸን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የምጽፍልህ። እዚህ ቤት የሁሉም ጤና ሲጠየቅ ይውላል፤ የእኔ የተጠየቀበትን ቀን ግን አላስታውስም።

እማዬም እዚያው አገር ቤት ይጁቤ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። የአባዬን ወፍጮ የተከራየው ሰውዬ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ከልክ በላይ እየወጠረ መሽከርከሪያውን ኩሽኔታ ሊጨርሰው ነው ብላኝ ባለፈው ወር ሄጄ አስተካክዬላት መጣሁ። ስመለስ አንድ ቅል ቅቤ አስያዘችኝ። «ለወንድምሽ ለአገኘሁ ነው፤ እግሩን እያሸሽ ቀቢው» አለችኝ። ሞተሩን የሠራሁት እኔ፣ ቅቤው የአገኘሁ።

የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። ልጀምር ስል ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ ሲቆረጥም ደስ ይለኛል። በወረቀት ሲሆን ግን የሚቆርጠኝ የለም። የላክሃትን መጫወቻ መኪና ይዞልን የመጣው ነጋዴው ዘመንፈስቅዱስ ተመልሶ ወደ አንተ ከተማ ሊሄድ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ስታነበው ብቻህን ሁን።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ታናሻችን አገኘሁ ከሚያስተምርበት ከቁይ ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ቀኝ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት እንደሆነ ታውቃለህ። ማስተማሩ ቀርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ጀመር። ሐኪሙ በክራንች ውጣ፣ ተንቀሳቀስ ቢለው እሺ አላለም። አንተ በየሳምንቱ ትደውላለህ፤ «አገኘሁን አቅርቢልኝ» ትለኛለህ። እማዬ ትደውላለች፤ ለአገኘሁ። የቁይ መምህራን በመኪና ተጭነው መጡ፤ ለአገኘሁ። እኔ ጠዋት ውሃውን አሙቄለት፣ ቀን የሰው ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ስፈታ ውዬ፣ እጄን በኦሞ ፈትጌ ራቱን ሳቀርብለት «የኔዓለም፣ አንቺስ ደከመሽ ወይ?» ያለኝ ሰው የለም። ክፉ ሰው አይደለሁም ዓባይ። ግን አፌ ወንድሜን ማረው ሲል ሆዴ ምነው እኔን በሰበረኝ ይል ነበር።

ኅዳር ላይ ደወልህና በሪሞት የምትነዳ፣ ናይትሮ የሚሉትን የራሷን ነዳጅ የምትጠጣ ትንሽ የጭነት መኪና ልልክልህ ነው አልኸው። ሁለት ዓይነት እንዳለችም ነገርኸው። አንደኛዋ ተገጣጥማ ያለቀች፣ ነዳጅ ሞልተህ የምትነዳት ናት። ሁለተኛዋ «ኪት» የሚሏት፣ በየብሎኑ ተፈታትታ በሳጥን የምትመጣ፣ ራስህ የምትገጥማት ናት። «አስበህ ንገረኝ» አልኸው። እኔ ከጎኑ ሽሮ እያማሰልሁ ነበር፤ ማማሰያውን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። አባዬ ከሦስታችን ወደ ሞተሩ የሚያስጠጋው እኔን እንደነበረ ረሳኸው? አንተን ዱቄቱ ያስነጥስህ ነበር። አገኘሁ ጩኸቱን ፈርቶ እማዬ ቀሚስ ሥር ይገባ ነበር። ናፍጣው እስከ ክርኔ እየወረደ ማጣሪያውን የማጥበው እኔ ነበርሁ። ሞተር ያላት መጫወቻ ስትገኝ ግን ለአገኘሁ።

እሱ ያሰበው ያለቀችውን ነበር። ሆኖም «እታለም፣ የሞተር ሰው አንቺ ነሽ፤ የትኛዋ ትሻለኛለች?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አልጠፋኝም። ሞተር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ያለቀችው ትሻላለች። በሚያውቅ እጅ ተገጥማለች፤ የሚቀረው ሞተሯን ቀስ አድርጎ ማለማመድና ካርቦሬተሯን ለደጋ አየራችን ማስተካከል ብቻ ነው። ኪቷ የለመደ እጅ ትፈልጋለች። ለሚችላት ግን ደግ ናት፤ የእያንዳንዱን የማርሽ ጥርስ ቦታ አውቀኸው ስለምትገጥማት ስትበላሽብህም አትቸገርም። ይኸን ሁሉ እያወቅሁ «የተፈታችዋን ምረጥ» አልሁት። «ሰው በእጁ ያልሠራው ነገር የእሱ አይደለም፤ ጊዜም ታሳልፍልሃለች» አልሁት። ንግግሬ ያምር ነበር። የፈለግሁት ግን እንዲያቅተው ነው። ሳጥኑን በከፈተ ማግስት እየሳቀ ሲነዳት ማየት አልችልም ነበር።

ሳጥኗ ጥር ላይ ደረሰች። ነዳጇ በአውሮፕላን አይጫንም ስለተባለ፣ አዲስ አበባ የሚኖር አምሳሉ የሚባል የዘመንፈስቅዱስ ወዳጅ፣ ትንንሽ አውሮፕላን በሪሞት የሚያበር ሰው ነው፣ ከራሱ ሁለት ጠርሙስ ቀንሶ ሰጠን።

ከዚያ ያላሰብሁት ሆነ። አገኘሁ ከአልጋው ተነሳ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ብሎኖቹን በሻይ ብርጭቆ፣ የማርሽ ጥርሶቹን በሳህን ለይቶ፣ መመሪያውን እንደ ዳዊት ደጋሚ ከፊቱ ዘርግቶ ሥራ ጀመረ። የሒሳብ መምህር መሆኑን ረስቼው ኖሯል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፍረንሻል ገጥሞ አንዱን ጎማ በጣቱ እያሽከረከረ «እይ እታለም፣ አንዱን ወደ ፊት ሳዞረው ሌላኛው ወደ ኋላ ይዞራል!» አለኝ። ከአደጋው ወዲህ አይቼው የማላውቀው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር። «ይኸማ የታወቀ ነው» ብዬው አለፍሁ። ያቅተዋል ያልሁት ሊሆንለት ነው። የእኔ ብቻ የነበረች አንዲት ነገር፣ እሷም ወደ እሱ ልትሄድ ነው።

ያን ሰሞን ነው ብልቃጧን ያየኋት። ከሳጥኗ ጋር የመጣች፣ ሰማያዊ ሙጫ የያዘች፣ ጣት የምታህል ብልቃጥ ናት። ብረት ከብረት ጋር የሚታሰርበት ብሎን ሁሉ ከዚያ ሙጫ ጠብ ካልተደረገበት የሞተሩ ንዝረት ያላላዋል። ይኸን የወፍጮ ቤት ድመት እንኳ ታውቀዋለች። ብልቃጧ ሳትከፈት መስኮቱ ላይ ቆማለች፤ መኪናዋ ደግሞ አልቃለች። ብልቃጧን አነሳኋት፣ አቧራዋን ጠረግሁላት፣ መልሼ አስቀመጥኋት። አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

በየካቲት መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሰፈራችን በላይ ወዳለው ሜዳ ወጣን። ጎረቤት ተሰበሰበ። መኪናዋ መጀመሪያ አስነጠሰች፤ ኋላ እየጮኸች፣ ነጭ ጭሷን እየተፋች ሜዳውን ትሰነጥቀው ጀመር። አገኘሁ በክራንቹ ተደግፎ ሪሞቷን ይዞ ይስቃል። ጎረቤታችን የብርጓል ክንዴን ይዛ «እጁ ይባረክ! ምን ያለ ወንድም ነው ያለሽ!» አለችኝ። «አዎ» አልኋት ጥርሴን ነክሼ።

ሁለተኛውን ነዳጅ ሞልቶ እንደለቀቃት ነዳጅ መስጫውን የሚጎትተው ትንሹ ክንድ ብሎኑ ላልቶ ወደቀ። ነዳጁ እንደተከፈተ ቀረ። መኪናዋ እንደ ደነበረ በቅሎ ወደ ድንጋይ ካቡ በረረች። ሪሞቱን ቢጫነው፣ ፍሬን ቢል አትሰማም። ካቡ ሥር ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አገኘሁ ይኸን ሲያይ ክራንቹን ጥሎ ሮጠ። ዓባይ፣ በዚያ እግሩ ሮጠ። አምስት እርምጃ ሳይሄድ ቀኝ እግሩ ታጥፎበት ወደቀ። መኪናዋ ሴቶቹን በክንድ ያህል ስታ ካቡን መታችና ተሰባበረች። የእሱ ጩኸት ግን ከሞተሩ ይበልጥ ነበር።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እግሩ ዳግም ተሰብሮ ከሆነ የእኔንም ስበረው ብዬ ፈጣሪን ለመንሁ። ደግነቱ አልተሰበረም። ጅማቱ ተጎድቶ ነበር፤ ሦስት ሳምንት አስተኛው። በአራተኛው ቀን መመሪያውን እንደገና ሲያነብ ቆየና ያችን ብልቃጥ አምጪልኝ አለኝ። ይዟት ሲያገላብጣት ቆይቶ «ጥፋቱ የእኔ ነው እታለም። ይችን ረስቻት ነው። ሴቶቹን ልገድላቸው ነበር» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያን ጊዜ አልቻልሁም። «አንተ ብትረሳት እኔ አልረሳኋትም» አልሁት። «አይቻት፣ አውቄ ነው ዝም ያልሁ። ኪቷንም ምረጥ ያልሁህ እንዲያቅትህ ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ አላዋራኝም። ያቀረብሁለትን ይበላል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ እንደ እንግዳ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ ስወጣ ጠራኝና «አንቺም ትፈልጊ ኖሯል?» አለኝ።

«ምኑን?» አልሁት።

«መኪናዋን። ወይ የሚያስታውስሽ ሰው። የትኛውን እንደሆነ አላወቅሁም» አለኝ።

እኔም አላወቅሁም። በሩን እንደያዝሁ አለቀስሁ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝና «በይ ደንበኞችሽ ይጠብቁሻል፤ ሂጂ» አለኝ።

አገኘሁ ለአንተ ምን ብሎ እንደነገረህ ሰምቻለሁ። «ድንጋይ መትታ ተሰበረች፣ እኔንም አንሸራተተኝ» ነው ያለህ። ስሜን አላነሳም። ይኸን ስሰማ አመሰገንሁት መሰለህ? በደግነቱም ቀናሁበት! እሱን የምበልጥበት አንድ ነገር እንኳ አይተውልኝም አልሁ። እንግዲህ እውነቱን መናገር እንኳ የእኔ ይሁን ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መኪናዋን አብረን ሠራናት። የተሰበረውን የፊት ጎማዋን መያዣ ክንድ ከአሉሚኒየም ቆርጬ አወጣሁለት። ብሎኖቹን ሁሉ ፈትቶ፣ ሙጫውን ጠብ እያደረገ መልሶ ያሰራቸው ግን እሱ ነው። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ አያለሁ፤ አላስችል ሲለኝ «ውጪልኝ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ያለ ክራንች እስከ ሜዳው ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ወደ ቁይ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መኪናዋንም ለተማሪዎቹ አሳያታለሁ ብሎ ይዟት ይሄዳል። ይውሰዳት፤ የእሱ ናት። ሜዳው ላይ ግን ሪሞቷን ሰጠኝና ነዳኋት። ሁለት ጊዜ ዞርሁ። ሦስተኛውን ሲከለክለኝ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ቅናቴ ሞቷል ብዬ አልዋሽህም። ትናንት ደውለህ «አገኘሁን አቅርቢልኝ» ስትለኝ ቆንጥጦኛል። ግን ምንም ዕቃ አትላክልኝ። ያልጠየቅኸኝን አንድ ጥያቄ ልመልስልህ ብቻ ነው የምፈልገው። የትኛዋን ትመርጫለሽ ብትለኝ ኖሮ የሞተር ሰው ናትና ኪቷን ትላለች ብለህ ታስብ ይሆናል። አይደለም ወንድሜ። ያለቀችውን ነበር የምልህ። የሰው የተሰበረ ሞተር ስፈታና ስገጥም ዕድሜዬ እየሄደ ነው። አንዲት ነገር እንኳ ሙሉ ሆና እጄ ላይ ብትገባ ምን ነበረበት?

ትዕግስትን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ለስሟ የሚሆን ትዕግሥት ከእኔ አልተገኘም በላት። አምደሚካኤልን ግንባሩን ሳምልኝ፤ እዚህ አክስት እንዳለችው፣ ስሟም የኔዓለም እንደሆነ በአማርኛ ንገረው። እማዬ መሬት ስማ ትመርቅሃለች። የብርጓል ሰላም ብላሃለች። አገኘሁም ሰላም ብሎሃል። ደብዳቤ መጻፌን ያውቃል፤ ምን እንደጻፍሁ ግን አልጠየቀኝም። አሁን ከወዲያኛው ክፍል ሲራመድ ይሰማኛል።

እህትህ የኔዓለም
ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.