ጢማሞቹን ወደ ግድቡ የመለሱት ጋሽ ባልዲ

«የጋሽ ባልዲ ዓሦች ድሮ አልቀዋል፤ የሚያሳዩን ከገበያ እየገዙ የሚጨምሩትን ነው» የሚለውን ወሬ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር እንደ አዲስ ያወሩታል። መቀሳቸውን አስቀምጠው ለቀብሩ ስለመጡ እናመሰግናቸዋለን፤ እውነቱ ግን የሚከተለው ነው።

ጋሽ ባልዲ ከጀልባ ቀዛፊ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ተወለዱ። ትምህርታቸውን አጠናቀው የላብራቶሪ ሙያ ከተማሩ በኋላ በከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የምንጠጣውን ውሃ ሲመረምሩ ኖረዋል። በ1974 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤታቸውን ታይፒስት አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ግድቡ ሲሠራ ወንዙ ተጠልፎ ስለደረቀ፣ አባታቸው ያጠምዱት የነበረው ጢማም የተባለው ዓሣ ጠፋ። ሰው ሁሉ «አለቀ፣ ደቀቀ» ብሎ ሲተወው፣ እርሳቸው ተራራ ተሻግረው በአንድ ትንሽ ወንዝ ውስጥ አገኙት። በባልዲ እያመላለሱ በቤታቸው መታጠቢያ ገንዳ አሳደሩት፤ ስማቸውም ከዚያ ወጣላቸው። ባለቤታቸው «እንግዶችህ ሲሄዱ ንገረኝ፣ ገላዬን ልታጠብ» ይሏቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ዓሦች በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛው ግድብ ቢገለብጧቸው ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ወሬው እውነትነት ያለው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። በዓመቱ ሌሎች አምጥተው፣ ከነውሃቸው በላስቲክ ከረጢት አድርገው ግድቡ ላይ አንሳፈፏቸው። የከረጢቱ ውሃ ከግድቡ እኩል እስኪቀዘቅዝ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ከዚያ አፉን ፈቱ። ዓሦቹም እየዋኙ ሄዱ።

የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር፤ እዚያው የተፈለፈለ ትንሽ ጢማም በዓይናቸው ማየት። «እኔ ያመጣኋቸው እንግዶች ናቸው፤ ባለቤቱ እዚያ የሚወለደው ነው» ይሉ ነበር። በየዓመቱ ከግድቡ ግንብ ሥር፣ ጥልቁ ውሃ ውስጥ መረብ ጣሉ። ትልልቆቹ ይያዛሉ፣ ይለቀቃሉ፤ ትንሽ ግን የለም። ባልደረቦቻቸው «ጋሼ፣ አያት ሆኑ?» ሲሏቸው፣ «ምጥ ላይ ናቸው» እያሉ ያሳልፉት ነበር።

በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው እንኳ፣ ጠያቂ «እንዴት አደሩ?» ሳይላቸው እርሳቸው ቀድመው «መረቡስ?» ይሉ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ከግድቡ ወዲያ ማዶ የሚኖሩትና «እኔ ቤት የዓሣ ወሬ እንዳይነሳ» ብለው የከለከሏቸው ታናሽ እህታቸው በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በጥሩ ውሃ ዳር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥ።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል፣ እህታቸው ሐዘን ቤት ተቀምጠው ልጆቹ ስለ ጢማም ሲያወሩ ሰሙ። «እነዚያ ጢም ያላቸው፣ ጣት የሚያካክሉት ናቸው? ወደ ግድቡ በሚገባው ጅረት ምንጣፍ ሳጥብ እግሬን እየነካኩ ያስቁኛል እኮ፤ ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ» አሉ። የጋሽ ባልዲ ወንድ ልጅ በማግስቱ ማለዳ ሄዶ አያቸው፤ ጢማሞች ናቸው።