ባዶ ነኝ ማለት ያቃተኝ ጉዞ

ሰኞ፣ የካቲት 3

በዚህ አገር ከኔ በላይ የሚጽፍ ሹፌር የለም። እሺ፣ በኛ ድርጅት። እሺ እሺ... የግቢው ዘበኛ ይበልጠኛል። እሱ ግን መኪና አይነዳም።

የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። መምህራችን "በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ ይኮበልላል" አለን። ከኔ? ከኔ እጅ ያመለጠ ነገር ቢኖር የጎማ ንፋስ ነው። ይኸው ደብተር ገዛሁ። ሚስቴ "ምን ልትጽፍበት ነው?" አለች። "እውነት" አልኳት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ምን ያስቃል?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ስብሰባ ነበር። የኛ ድርጅትና የማዶው ድርጅት ተስማሙ። ከእንግዲህ የሁለታችንም መኪኖች ስልክ ላይ ይታያሉ። የት እንዳለን፣ ምን እንደጫንን፣ መጋዘን በር ላይ ስንት ሰዓት እንደተገተርን። ያራገፈ ሹፌር "ባዶ" የሚለውን ይነካል፤ በአቅራቢያው ዕቃ ያለው ይጠራዋል። ዕቃው የማንም ይሁን።

ያስረዳችን የስምሪቷ ልጅ ናት፣ መኪና የምትመድብልን። "ጋሼ፣ ከአሥር ጉዞ አራቱን ባዷችሁን ነው የምትመለሱት" አለችኝ።

"እኔ? እኔ ባዶዬን ተመልሼ አላውቅም!"

ዝሆኑ ከኋላ "እሱ እውነቱን ነው፤ ሌላው ቢቀር ጉራ ይጭናል" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዝሆኑ የማዶው ድርጅት ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት ጓደኛዬ። ስሙን ያወጣለት ትከሻው ነው።

ቢሆንም... ባዶ ነኝ ብዬ ለሁለት ድርጅት ላውጅ? ያውም ለባላንጣ ዕቃ ልሸከም?

አርብ፣ የካቲት 7

በጠዋት ሲሚንቶዬን አራገፍኩ። ስልኩ ጠየቀኝ። "ባዶ" ወይስ "ሙሉ"? ራሴ አነበብኩት! ድሮ ሰው ነበር የማስነብበው። በገዛ ጣቴ "ሙሉ"ን ነካሁ። ማን ያያል? ሸራው ተወጥሯል።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ዝሆኑ ቆሟል። ተሳቢው ሙሉ ቲማቲም፣ ማርሹ አልገባ ብሎታል። ቆምኩና ውሃ ሰጠሁት። "አይዞህ" አልኩት። ጥሩምባ ነፍቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

ቤት በጊዜ ገባሁ። ሚስቴ "ዛሬስ ምን ጭነህ መጣህ?" አለች።

"ናፍቆት።"

ቀልድ አያልቅብኝ መቼም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

መኪና አጠብኩ። ሌላ የለም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የዝሆኑ ቲማቲም ግማሹ ተደፋ። መኪና ሲበላሽ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ባዶ መኪና ይፈለጋል። ከሌለ ወዲያው ከከተማ ቅያሪ ይጠራል። እሱ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የደወለው። አለቃው "ምን ስትጠብቅ ነበር?" ቢለው ዝም። ቢለው ዝም። የመኪናውን ቁልፍ ነጠቁት።

ዝሆኑና ዝምታ? እንዴት ተገናኙ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የስምሪቷ ልጅ ለብቻዬ ጠራችኝ። ለካ የመንገዱ ሚዛንም ለስልኩ ወሬ ያቀብላል!

"ጋሼ፣ አርብ ዕለት ሚዛኑ አሥራ ስድስት ቶን ይላል። ባዶ መኪና ነው ይሄ።"

"ከነጉራዬ ነው?"

አልሳቀችም። ሆድ ያባውን ሚዛን ያወጣዋል... አንገቴን ደፋሁ።

እስኪመሽ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ገና ቀን ሳለ ዝሆኑ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ትከሻ ተጣጥፎ።

"ምን ስትጠብቅ ነበር አንተ?"

"አንተን።"

"እኔን?"

"ስልኩ ሙሉ ነው ይላል፣ የተሳቢህ ሰንሰለት ደግሞ ባዶ ነኝ እያለ ይንኳኳል። ሰንሰለቱን አመንኩ። ጥሩምባህን ስትነፋ፣ መጣሁ ማለቱ ነው አልኩ። ተሳቢ እዚያች ጠባብ መንገድ ላይ አይዞርም፤ ፊት ለፊት ሜዳ ፈልጎ ዞሮ ይመለሳል አልኩ። አንድ ሰዓት... ሁለት ሰዓት... አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል..."

"ለአለቃህ ለምን አልነገርከውም?"

"ምን ልበለው? ጓደኛዬ ትቶኝ ሄደ?"

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። የኔ ጉድ ተሳቢ ሆኖ ሲከተለኝ ከረመ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ደብዳቤ ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በመጀመሪያው ላይ ስልኩ ተሳስቶ ነው ብዬ ነበር። በሁለተኛው ጣቴ። በሦስተኛው ፀሐዩ አንጸባርቆብኝ...

አራተኛው አጭር ሆነ። "አርብ ጠዋት ባዶ ነበርኩ። ሙሉ ነኝ አልኩ። ጓደኛዬ ሦስት ሰዓት የጠበቀው እኔን ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም።" ሁልጊዜ በአውራ ጣቴ ነበር፤ ዛሬ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ለሁለቱም አለቆች ሰጠሁ። ሚስቴ ቀድማ አንብባ "ይሄኛው ያንተ ነው?" አለች። አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ለዝሆኑ ቁልፉን መለሱለት። ለኔ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ ቁጭ ብዬ ራሴ አነበብኩት። ግቢው ውስጥ ስሜ ተለውጧል። "ባዶው መጣ! ባዶው ሄደ!" ይሁን።

ዛሬ አራግፌ "ባዶ"ን ነካሁ። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማዶው ድርጅት ዕቃ ነው፣ ወንበር። ጫንኩ። መንገድ ላይ ከዝሆኑ ጋር ተላለፍን፤ ጥሩምባ ነፋ። አሁንስ ምን ማለቱ ነው ብዬ ጥግ ይዤ ቆምኩ። እሱም ቆመ። "ምን ሆንክ?" አለኝ። "ምንም። አንተስ?" "ምንም።" ሁለት ተሳቢ አቁመን እንደ ሞኝ ተሳሳቅን።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። የየካቲት 7ቱን ዛሬ መልሼ አነበብኩት። ቆምኩና ውሃ ሰጠሁት ያልኩት... አልቆምኩም። ፍሬን እንኳ አልነካሁም። "አይዞህ" ያልኩትም ለራሴ ነው፣ መስኮቱን ዘግቼ። ማንም ለማያየው ደብተር ለምን እንደዋሸሁ እንጃ።

የውሃው ጀሪካን እስከ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ። ያን ቀን መኪናዬ ላይ ሙሉ የነበረው እሱ ብቻ ነው።