ለይቼ ያላገኘኋት ፍሬ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ጉልበትሽስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ ከሳላቸው ተሻላቸው? ቤቱ፣ ደጁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ በሥራዬም በጤናዬም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ወፍሬያለሁ፣ ደስ ይበልሽ። ስለ ዓይንሽ ግን አሁን አልጠይቅሽም። እሱን ለብቻው እመጣበታለሁ፣ ጠብቂኝ።

አንቺ ደግሞ አንባቢዋ፣ ልብስ ሰፊዋ የእህቴ ልጅ፣ አደራሽን አንድም መስመር እንዳትዘልዪ። እናትሽ ይኼን እለፊው ብትልሽም አትለፊ።

ያየሁትን ልንገርሽ እታለም። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የዕቃ አሳንሰር በሁለት ፎቅ መካከል ቆሞ ቀርቷል ተብሎ ልጠግን ተላክሁ። ቤቱ አሮጌ መጋዘን ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሳንቃ የሆነ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ አንድ ሽታ ተቀበለኝና እግሬ እዚያው ቀረ። ደረቅ ሣር ደረቅ ሣር የሚል፣ ትንሽ አፈርም ያለበት፤ ማታ ከሥራ ስትገቢ ከልብስሽ ላይ የማውቀው ሽታ። ጥሬ ቡና ነው። ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሮ፣ የፊተኞቹ አፋቸው እንደ እጅጌ ተጠቅልሎ ተከፍቷል።

እኛ ቤት ጥሬ ቡና መግዛት ምን ብርቅ ነበር? ገዝተን፣ አጥበን፣ ቆልተን እንጠጣለን፤ አለቀ። እዚህ አገር ግን ሰዉ የሚገዛው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በወረቀት የታሸገውን ነው። ጥሬውን ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ እነሱም ሲገዙ ብታያቸው ጉድ ትያለሽ። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፍሬውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያገላብጣል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት እፍኝ ሙሉ ያነሱና አፍንጫቸውን ነክረው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልጁን የሚድር ሰው እንኳ እንዲህ አይመርጥም። ለምን ጥሬውን ብዬ ብጠይቅ፣ ጥሬው ወራት ቢቀመጥ ምንም አይል፣ የተቆላው ግን በሁለት ሳምንት ሽታው ይሄዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዳችን ለሳምንቱ የሚበቃንን ቤታችን በመጥበሻ እንቆላለን አሉኝ።

መጋዘኑን ሱቅ ያደረጉት አጠር ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሠራተኞቹ እሳቸው በሌሉበት «ሚዛኗ» ይሏቸዋል፤ የሰፈሩት ነገር ወዲህም ወዲያም ስለማይል። አሳንሰሩን ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ እኔም ለቤቴ ልገዛ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አይደል፣ እኔን እንኳ በቡና አትጠርጥሩኝ፣ ያሳደገችኝ እህቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቡና ለቃሚ ነበረች አልኳቸው።

እታለም፣ ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። አንቺ አታውቂም፣ አሁን እወቂው። ትምህርት ቤት ሳለሁ እህትህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ፣ ቢሮ ነው የምትሠራው እል ነበር። በጣትሽ ተምሬ በጣትሽ አፍር ነበር። ይቅር በይኝ።

ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ሥር ትሪ አወጡ፣ ሳይለቀም ከመጣ ጆንያ ሁለት ጣሳ ቀድተው አፈሰሱበትና፣ እንግዲያው ልቀምልኝ አሉኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ይኼ ምን አለው ብዬ። ጥቁሩን አወጣሁ፣ የተሰበረውን አወጣሁ፣ ነቀዝ የበሳውን አወጣሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፍሬው ሁሉ አንድ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አንገቴ ደረቀ። በመሃል በመሃል ደግሞ እንደ ሌሎቹ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ያልሆነ፣ ድቡልቡል ያለ ፍሬ አገኛለሁ፤ ይኼማ ጤና የለውም እያልኩ ጣልኩት። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ኮራ ብዬ ትሪውን ገፋሁላቸው።

እሳቸው መዳፋቸውን አንዴ በላዩ አሳለፉና ያለፉኝን መጥፎ ፍሬዎች ሰባት አወጡ። ከዚያ ወደ ጣልኩት ክምር ዞረው ድቡልቡሎቹን አንድ በአንድ መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጧቸው። ብዙ ጊዜ ሁለት ፍሬ በአንድ ቅርፊት ውስጥ ፊት ለፊት ተኝተው ነው የሚያድጉት አሉኝ፤ አንዳንዴ ግን አንዱ ሳያድግ ይቀርና ሌላው የሁለቱን ቦታ ብቻውን ሞልቶ እንዲህ ይከብባል። ሾፌሩ እነዚህን ብቻ ለይታችሁ ስጡኝ ብሎ የሚለምን ሰው ነው። እኔ ለቆሻሻ ነበር የጣልኳቸው! ትዝ ይልሻል፣ ከኪስሽ ሁለት ሦስት ድቡልቡል ፍሬ አይጠፋም ነበር፤ እንድጫወትባቸው ትሰጪኝ ነበር። እኔ ጠጠር ይመስሉኝ ነበር፣ አንቺ ግን ታውቂያቸው ነበር።

ከዚያ እህትህ በቀን ምን ያህል ትለቅም ነበር ብለው ጠየቁኝ። አንድ ጆንያ አልኳቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በአንድ ጆንያ ውስጥ ከሦስት መቶ ሺህ የሚበልጥ ፍሬ አለ፣ ያ ሁሉ በዚች ሴት ዓይን ሥር አልፏል ብለው ለሾፌሩም ለመምህርቷም ነገሯቸው። ሾፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀው እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩና፣

«አርባ ዓመት ቡና ስሸጥ ኖሬ እንዲህ ያለ ዓይን ያላትን ሰው ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም። ስታገኛት እጇን ሳምልኝ» አሉኝ።

ያን ቀን ቤቴ በእግሬ ገባሁ፤ አውቶቡስ መሳፈር ረሳሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በቀን አንድ ጆንያ። ልደምረው ወረቀት አወጣሁ፣ ዜሮው አላልቅ ቢለኝ ተውኩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናዬን ስቆላ፣ መንጣጣት ሲጀምር መጥበሻውን ይዤ ፈዝዤ እቀራለሁ። ሁለት ጊዜ አሳርሬዋለሁ። ስንት ሰው በስንት አገር ጥሩ ቡና ጠጥቶ ተመስገን ሲል አንቺን ማመስገኑ እንደሆነ ሳያውቅ ኖረ እላለሁ። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ሲገርመኝ ሰንብቷል፣ ዛሬም ይገርመኛል።

እሺ፣ ወደ ዓይንሽ መጣሁ። ልጅሽ ባለፈው ደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል ሁሉን ጽፋልኛለች፤ አትቆጫት። ሐኪሙ ሞራው ይነሳል፣ ታያለሽ ብሎ ለኅዳር ስድስት ተራ ሰጥቶሽ፣ ተራሽን ለሌላ ልትለቂ ነው አሉ። የእኔ ዓይን ቆሻሻ ከመልቀም ሌላ ምን ሠርቶ ያውቃል፣ ለወጣት ይሁን ብለሻል አሉ። ይህ ተራ ካለፈ ደግሞ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ሐኪሙም አያውቅም።

እኔ ያን ቆሻሻ መልቀም ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ እታለም። ሁለት ጣሳ አቃተኝ። ስለዚህ ስለ ዓይንሽ ከእንግዲህ እንዲህ እንዳትናገሪ፤ እኔም ድሮ ቢሮ ነው የምትሠራው ብዬ ከዋሸሁት ጋር ሁለት በደል ይሆናል። በሞቴ፣ ተራሽን አትልቀቂ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለሽ ብትስቂብኝም፣ አልለቅሽም።

ለጋሼ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ሐኪም ቤት በር ድረስ እጅሽን ይዘው እንዲወስዱሽ አደራ ብያቸዋለሁ። ግድግዳ የምትጋራሽን ጎረቤታችንንም፣ ሳቅሽ እዚህ ድረስ ይሰማኛል ብሎሻል በያት። ለድሮ ባልደረቦችሽ፣ አብረውሽ ለለቀሙት ሁሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ሰላም በይልኝ፤ ሾፌሩ ባርኔጣውን ማውለቁንም ንገሪያቸው።

የመጨረሻው ሰላምታዬ ለአንባቢዋ ነው። ደብዳቤውን ይዞ የመጣው ባልደረባዬ አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢትም ይሰጥሻል። ስለ እናትሽ ዓይን ስነግራቸው ሴትዮዋ በገዛ እጃቸው ሃምሳ ፍሬ ቆጥረው ያኖሩባት ናት። ከሃምሳው አንዷ መጥፎ ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ለእኔ አልነገሩኝም። ሦስት ቀን መስኮት ሥር ዘርግቼ አፈጠጥኩባቸው፣ አላገኘኋትም። እናትሽ በጣቷ ዳብሳ እንኳ ታወጣታለች፣ አውቃታለሁ፤ ስለዚህ እንዳትሰጫት፣ ብትለምንሽም ደብቂያት። ማሰሪያው ከዓይኗ በተነሳ ቀን መስኮቱን ክፈቺና በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሺላት።

ድቡልቡሉን የጣለው ወንድምሽ

ከአሳንሰር ጥገናው ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ጥቅምት ፳፩ ቀን