ካፖርትህን የለበሰው ሰው

ጥር ፱ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለውዱ ባለቤቴ፣

«ውዱ» ያልኩህ ዋጋህ ስለማይቀመስ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። የልጅህ የፊት ጥርሶች ወልቀው አዲሶቹ ወጥተዋል። ስድስት ወር ብለህ ውጭ አገር የሄድክ ሰውዬ ሦስተኛ ዓመትህን ስለያዝክ እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ ማሳወቅ ግድ ሆነብኝ።

ለመሆኑ ታላቅ ሰው መሆንህን ሰምተሃል? እኔ የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው። የቲያትር ቤት ጓደኞችህ ስለ አንተ አጭር ዘጋቢ ፊልም እየሠሩ ነው፤ «ጓደኛችን» ይባላል አሉ። ዳይሬክተሩ ያ መድረክ ላይ ሁለት መስመር መያዝ የሚያቅተው ወዳጅህ ነው። በዚህ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሞ መጣ። ካሜራማኑና የድምፅ ባለሙያው ተከትለውት ገቡና ሳሎኔን ገለበጡት። ሶፋውን ወደ መስኮት፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ኮሪደር። መጋረጃዬንም ብርሃን ከለከለን ብለው አወረዱት፤ አሁንም እንደወረደ ነው።

ከዚያ አስቀመጡኝና ደረቴ ላይ ማይክ ሰኩብኝ።

«ለቤተሰቡ ያለውን ፍቅር በአጭሩ ንገሪን» አለኝ ዳይሬክተሩ።

«በአጭሩ ከሆነ ጨርሻለሁ» አልኩት።

የድምፅ ባለሙያው ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ሄድፎኑ ከጆሮው ወለቀ። ዳይሬክተሩ ግን ተቀየመኝ። «እንዴት እንዲህ ትያለሽ? ባለፈው እሁድ ደውሎ እናንተን እያነሳ አለቀሰ እኮ» አለኝ።

እኔ የማላውቀው ይሄንን ነበር። ለእነሱ ትደውላለህ ማለት ነው። ልጅህ እሁድ እሁድ ስልኩን ታቅፋ ስትውል፣ አንተ ለነዚህ ታለቅሳለህ። ድሮም ተመልካች ከሌለ እንባ አይወጣህም። ቢሆንም ሻያቸውን ቀዳሁላቸው፤ እንግዳ ናቸው።

ችግራቸው ደግሞ ሌላ ነው። ስለ አንተ ፊልም ይሠራሉ፣ አንተ የለህም። በፎቶግራፍ ብቻ አይሆንም ብለው መላ መቱ። የቲያትር ቤቱን ትኬት ቆራጭ ታስታውሰዋለህ፤ ከኋላ ሲታይ ቁርጥ አንተን ነው ይላሉ። እሱን ይዘው መጡና ግራጫ ካፖርትህን አውጪልን አሉኝ። አወጣሁላቸው። ብል ስላልነካው ተገረሙ። ብል ያልነካው በየጊዜው አውጥቼ ስለማናፍሰው ነው። ጥሩ ሱፍ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትኬት ቆራጩ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። «ራቅ አድርገህ ተመልከት፤ እንዳትንቀሳቀስ» ይለዋል ዳይሬክተሩ። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው፤ ምስኪኑ ግድግዳውን ራቅ አድርጎ ተመለከተ።

የፈተና ሳምንት ስለሆነ ልጆቹን በጊዜ ለቀዋቸው ኖሯል። በሩ ተከፈተ፤ የልጅህ ቦርሳ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። «አባዬ» አላለችም። ሮጣ ሄዳ ከኋላው ወገቡን እቅፍ አደረገችና ፊቷን ካፖርቱ ውስጥ ቀበረች። እንዳትንቀሳቀስ ተብሏልና ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ካሜራማኑ ግን ካሜራውን እንደያዘ በቀስታ ወደ ጎናቸው ተጠጋ። ከዚያ ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ።

አላለቀሰችም። ቀና ብላ ብዙ አየችውና እጇን አወረደች። «ይቅርታ» አለችው። ይገባሃል? ልጅህ ትኬት ቆራጩን ይቅርታ ጠየቀች። ቦርሳዋን አንስታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ሰውየው ካፖርቱን አውልቆ አጣጥፎ ሰጠኝና ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ። ከአራቱ ሰው ሊባል የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩማ ካሜራማኑን በሹክሹክታ «ያዝከው?» ይለዋል። «ይዤዋለሁ።» «ይሄማ እግዜር የጣለልን ነው።» ሰማኋቸው። እንዲያጠፉት አዘዝኳቸው፤ «ለጥበብ ስትዪ» እያሉ ለመኑኝ። ጥበባቸውን ጠቅልለው ከቤቴ እንዲወጡ ነገርኳቸው።

ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ የተቀረጸውን እንደሚያጠፉት ነገርኳት። ቆይታ «እማዬ፣ ሰውየው ሲዞር አባዬ ይሁን አይሁን ወዲያው አላወቅኩም» አለችኝ። «ፊቱ ጠፋኝ። እንዳትነግሪው።»

ይኸው ነገርኩህ። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ጋ ደውዬ እንዳያጠፉት ነገርኩት፤ ድል ያደረገ መስሎት ደስታውን አልቻለውም። ፊልሙን ይልኩልሃል። ስለ ትህትናህ የሚደሰኩሩትን እለፈውና ሰውየው ሲዞር የልጅህን ፊት እይ። ሰውየው ፊት ላይ ምን ያህል እንደፈለገችህ ታያለህ። እኔማ አንተ አለመሆንህን ገና ካፖርቱን ሲለብስ አውቄያለሁ፤ የአንተ ግራ ትከሻ ዘንበል ይላል።

አሁን ብትደውልላት ድምፅህ አይበቃትም። ፊትህን ይዘህ ና፤ ወይም አልመጣም ብለህ ራስህ ንገራት። ለዚህ እንኳ ሌላ ሰው አትወክል።

ባለህበት ጤናውን ይስጥህ፤ ልብም ይጨምርልህ።

የልጅህ እናት