የማክሰኞ ፊልም

የተወደድክ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ የላከችልኝን የደረቀ ፖም ተማሪዎቼ ግማሹን ጨረሱት። እኔ ደህና ነኝ። ስብሰባ በዝቶ ድምፄ ብቻ ተዘግቷል።

አንተም የምክር ቤት አባል ነህና ሐሙስ በስብሰባው እጅህን አውጥተህ ድምፅ ትሰጣለህ። በከተማችን አዳራሽ ለሁሉም በአንድነት የማሳየው የማክሰኞ ፊልም ለሁለት ይከፈል ይላሉ፤ ማክሰኞ ለጀርመንኛ ተናጋሪው፣ ዓርብ ለጣልያንኛ ተናጋሪው። ተቃውሜ ስለጻፍኩ የጀርመንኛው ጋዜጣ የጣልያኖች ጠበቃ አለኝ፤ የጣልያንኛው ደግሞ የጀርመኖች። ፊልም የሚያሳየው ሲልቫኖ፣ "ዶክተር፣ ሁለቱም ካልፈለጉሽ ለእኛ ለወንደላጤዎቹ ትደርሺናለሽ" ይለኛል። ዳቦ ሻጯ ትራውድል ደግሞ በሰው ፊት፣ "አንቺ፣ ፊልም ልታሳዪን ነው ወይስ ልታጋቢን?" አለችኝ። ሁለቱንም ብላት፣ "እንግዲያው ከራስሽ ጀምሪ" ብላ አሳቀችብኝ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ ኮፍያህን ዝቅ አድርገህ ከኋላ ተቀምጠህ ነበር። ያላየሁህ መሰለህ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የማየው ሰዉን ነው፤ ሰውን ማጥናት ሥራዬም ሱሴም ነው። ከምስሉ ሥር የሚወጣውን የትርጉም ጽሑፍ ሲልቫኖ በእጁ እየቀያየረ ስለሚያሳየው ሁልጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ በእኛ አዳራሽ ሳቅ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሰማው ይስቃል፣ ቀጥሎ ያነበበው። ፊልሙ የጣልያን ነበር። አንተ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሳቅክ።

አባባ ጥሎን ከሄደ ወዲህ የእሱን ቋንቋ፣ ጣልያንኛን፣ ከአፍህ አውጥተህ አታውቅም። ፖስታ ቤት እንኳ ጀርመንኛ የሚችል ካልመጣ ቆመህ ትጠብቃለህ። ልጆች ሳለን ግን እሱ ሲቀልድ ከሁላችን ቀድመህ የምትስቀው አንተ ነበርክ።

ስብሰባው ላይ ይህን አላነሳም። ሐሙስ እንደፈቀድክ አድርግ፤ ብትቃወመኝም ለገና መጥቼ ቤትህ እበላለሁ። ግን ከተከፈለ አንተ በየትኛው ቀን ትመጣለህ? ዓርብ ብትመጣ ሰው ያይሃል። አሁን ማንም ማንንም ምን ልትሠራ መጣህ አይልም።

ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬያለሁ። ከአዲጄ ወንዝ ማዶ ባለው የአረጋውያን ቤት እሑድ እሑድ ሾርባ የምወስድላቸው ሽማግሌ አሉ፤ በጉልምስናቸው ባቡር ላይ የሠሩ፣ ጀርመንኛ ግን ያልገባላቸው። እንደሳቅክ ስነግራቸው ማንኪያውን አስቀመጡና፣ "አሁንም አፉን በእጁ ይሸፍናል?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ሾርባው ቀዘቀዘ።

ፊልሙ ካልተከፈለ በሚመጣው ማክሰኞ ሊያዩ ይፈልጋሉ። ደረጃውን ሲልቫኖ ደግፎ ያወጣቸዋል። መቀመጫቸው ከኋላ ነው የሚሆነው። ራቅ ብለህ መቀመጥ ከፈለግክ አስቀድመህ ንገረኝ፣ ቦታ እይዝልሃለሁ።

ብርዱ ጉልበትህን አይንካብኝ። እግዜር አንተንም ቤትህንም በጤና ያቆይልኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ