ከል ለማን ብዬ

አዋሳ፣ ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣ እግዚአብሔር ከሞስኮ ብርድም ከክፉ ሰውም ይጋርድሽ።

«እናትሽ ከሏን በሁለት ወሯ አወለቀች» ብለው ጽፈውልሻል አሉ። ጨክኜ አይደለም። ነጭ ነጠላ ለብሼ ገበያ የወጣሁት ወንድምሽ ታምሩ ሰሜን ግንባር መሞቱን ረስቼ ነው። ጎረቤታችን ጸሐይወርቅ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «እትዬ፣ ከልዎን ምን አደረጉት?» አለችኝ።

«ከል ለማን ብዬ?» አልኳት።

እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ያኔ ገባኝ።

በልጅነቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በአለንጋ የተማርኩትን መዝሙረ ዳዊት ዛሬም አንድ ቃል ሳላጎድል በቃሌ እወጣዋለሁ። መምህራችን «የደጋገሙት አይጠፋም» ይሉ ነበር። የታምሩን ሞት ግን ስንቴም ብደጋግመው እንቅልፍ ከራሴ ይወስድብኛል። ሰው መርዶ የሚሰማው አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ በየማለዳው እሰማለሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ስትጽፊልኝ መጀመሪያ የወንድምሽን ሞት አስታውሺኝ፤ ከባዳ አፍ ከምሰማው ካንቺ ይሻለኛል። የደብዳቤውንም ቀን ጻፊ፤ ባለፈው ትተሽዋል። ዕድሜሽ ይርዘም፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

ከሌን አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬ፣ የታምሩን ስም በወረቀት ጽፌ በመርፌ አያይዤበታለሁ። ነገ ስነቃ መጀመሪያ ወረቀቱን አነባለሁ። ከዚያ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ከሌን እለብሳለሁ።

እናትሽ