አምስት እጅ ያበቀለው ካርቦን

ለተከበሩ መምህር ዘመኑ፣
የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሞጁል አዘጋጅ፣ እንዲሁም የፈተና ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ላሊበላ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

የከበረ ሰላምታዬ በተቀመጡበት ወንበር ሁሉ ይድረስዎ። ሦስቱም ወንበሮችዎ እንደምን ከረሙ? ሰኔ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ፣ ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ከአንዱ ቢሮዎ ወደ ሌላው የሚያመላልስዎ ዳገትም ሳይበረታብዎ በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ በኩል ሁላችንም ደህና ነን፤ ስማችን ብቻ ትንሽ ታሟል።

እኔ የሻረግ ኪዳን እባላለሁ፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ምናልባት በስም ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው ሳምንት በኮሌጃችን በር ላይ ባስለጠፉት የአሥራ ዘጠኝ ኮራጆች ዝርዝር ውስጥ በአራተኛ ተራ ቁጥር ላይ የሰፈርኩት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው እንደሚያስረዳው፣ አሥራ ዘጠኛችንም በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና ስድስተኛው ጥያቄ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ስለሠራን መኮራረጃችን ተረጋግጦ የፈተናው ውጤት በሙሉ ዜሮ ሆኗል፤ በመጪው ዓርብም የኮሌጁ ጉባኤ ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንድንታገድ የቀረበለትን ሐሳብ ያጸድቃል ተብሎ ይጠበቃል። ክሱ በአደባባይ ተለጥፎ ሳለ ምስጋናው በኤንቨሎፕ ታሽጎ እንዲቀር ኅሊናዬ ስላልፈቀደ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ስለተሰጠን መመሪያ እናመሰግናለን። በየካቲት ኮርሱ ሲጀመር፣ አምና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በጥሩ ውጤት ያለፉ ተማሪዎች እንዴት እንዳለፉ ተጠይቀው የሰጡት አስተያየት በትምህርት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። አንዱ በየቀኑ ሁለት ሰዓት አንብቡ ይላል፤ ሌላው ደግሞ በፈተናው ሳምንት ብቻ አንብቡ፣ አለበለዚያ ይረሳችኋል ይላል። አንዷ በቡድን እንድናጠና ትመክራለች፤ ከሥሯ ያለችው በቡድን አጥንታ ወሬ ብቻ ይዛ እንደወጣች ትናገራለች። ከሁሉም በላይ ግን በቀይ ቀለም፣ በእርስዎ ፊርማ ተረጋግጦ፣ «ሞጁሉን አንድም ሳታስቀሩ እንዳለ ያዙ፤ ፈተናው ከሞጁሉ ውጭ አይወጣም» የሚል ሰፍሮ ነበር። ከታች በኩል «አትሸምድዱ፣ ተረዱት» የሚል አስተያየት እንደነበረም ዘግይተን ሰምተናል። እኛ ባነበብንበት ወቅት የውሃ ፈረቃ ማስታወቂያ ተለጥፎበት ስለነበር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ውሃ እንደሚመጣ እንጂ መረዳት እንደሚያስፈልግ አላወቅንም።

ሁለተኛ፣ እንዳለ ያዙ በተባለው መሠረት ያዝን። እርስዎ ያንን ቃል ሲፈርሙበት ምን አስበው እንደነበረ አላውቅም፤ በእኛ አገር ግን እንዳለ ያዝ የተባለ ሰው እንዳለ ነው የሚይዘው። ከመካከላችን ደሳለ የሚባለው ዲያቆን ነው፤ በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ስድስት ዓመት ዜማ ተምሯል። ሪሃና የመርሳ ልጅ ናት፤ ቁርአኑን በሉህ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፈች፣ በቃሏ ስትይዘው እያጠበች ነው የቀራችው። ሁለቱ ተማክረው ለሞጁልዎ ሥርዓት አወጡለት። ሪሃና በየቀኑ አንድ ገጽ ከነሥዕሉ በሰሌዳ ላይ ታሰፍራለች፤ ደሳለ ይመራል፣ እኛ እንቀበላለን፤ አሥራ ዘጠኛችንም ተራ በተራ ለሰሌዳው ጀርባችንን ሰጥተን በቃላችን ሳንሳሳት እስክንለው ድረስ ሰሌዳው አይጠፋም። ሥዕሉ እንኳ ሳይቀር በቃል ነው የተያዘው፤ ካርቦን መሐል፣ ሃይድሮጅን ከላይ፣ ሃይድሮጅን ከታች፣ ሃይድሮጅን በግራ እያልን። አስቸጋሪውን ሦስተኛ ምዕራፍ ደሳለ ዜማ ቢያወጣለት በአራት ቀን ገባልን። የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ አቶ ውዱ «እናንተ ልጆች፣ ይኼ የንባብ ቤት ነው እንጂ ማኅሌት አይደለም» ብለው ስላስወጡን፣ ከዚያ በኋላ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው ወይራ ሥር ቆመን ስናዜም ከረምን። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ከጠፋ ወዲህ ሕንፃውን የምናውቀው ከጀርባው ብቻ ስለሆነ ቦታው አልከፋንም።

ገጽ አርባ ሰባት ላይ ስንደርስ ግን ነገር መጣ። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰውም እንዲያውቀው፣ ካርቦን አራት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ በእያንዳንዱ እጁ አንድ ይይዛል፣ አዲስ ከመጣ አንዱን መልቀቅ አለበት። በገጹ ላይ ያለው ሥዕል ክሎሪን የያዘ ካርቦን ዘንድ ሃይድሮክሳይድ ሲመጣ የሚሆነውን ያሳያል። ሃይድሮክሳይድ ይገባል፣ ክሎሪን ቦታውን ለቅቆ ይወጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በእርስዎ ሞጁል ግን ሃይድሮክሳይድ ከገባ በኋላም ክሎሪን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ምስኪኑ ካርቦን ሁለቱንም ማስቀየም ከብዶት አምስተኛ እጅ አበቀለ። መጀመሪያ ያየችው ሪሃና ናት። «ወላሂ ይኼ ካርቦን አንድ እጅ ተርፎታል» አለች። ቆጠርነው፤ አምስት ነው። ሰው ቀይረን አስቆጠርን፤ አሁንም አምስት ሆነ። ደሳለ ግን እሱ ባደገበት የአብነት ጉባኤ ተማሪ ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንደሚያስረክብ፣ ይህ የኔታ የተናገሩት አይመስለኝም ብሎ የሚያርም ደቀ መዝሙር እንደማይወደድ ነገረን። ሪሃናም የእሷ ሼህ ፊት ተማሪ በራሱ ፈቃድ ፊደል ሲያነሣ አይታ እንደማታውቅ መሰከረች። እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝና ተስማማሁ። አምስተኛዋን እጅ «ክሎሪን በቀኝ፣ ሃይድሮክሳይድ በሰያፍ» ብለን ከነዜማዋ ያዝናት።

ሦስተኛ፣ ለሰጡን መልስ እናመሰግናለን። በልባችን ጥርጣሬ ስለቀረ ጓደኞቻችን ደሳለን፣ ሪሃናንና እኔን መርጠው ወደ ቢሮዎ ልከውን ነበር። እርስዎ ወደ ስብሰባ እየተጣደፉ ነበርና ገጹን ሳንገልጥልዎ «ሁሉም ነገር ሞጁሉ ላይ አለ» ብለውን አለፉ። ይህ መልስ ፍጹም እውነት ነበር።

አራተኛ፣ ኮሚቴዎ ስለ ችሎታችን ላሳየው ከፍተኛ ግምት ምስጋናችን ወሰን የለውም። በፈተናው ዕለት አሥራችን በአንድ ክፍል፣ ዘጠኛችን ደግሞ ከግቢው ማዶ ባለ ሌላ ክፍል ተቀምጠን፣ ስልኮቻችንን በር ላይ አስረክበን፣ በየመካከላችን ሁለት ሁለት ወንበር ክፍት ሆኖ፣ አራት ፈታኞች እየተመላለሱብን ነበር የተፈተንነው። የዚህ አገር ሰው ድንጋይ ፈልፍሎ ምን ማድረግ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ በእስክሪብቶ ሁለት ግድግዳ በስተው ይገናኛሉ ብሎ የገመተልን እስካሁን ከእርስዎ ኮሚቴ በቀር የለም። ሞጁሉን ገልጦ ገጽ አርባ ሰባትን ማየት ከዚህ ይቀል ነበር። ደግሞም ፈተናው ከታረመ በኋላ በተለጠፈው የመልስ ወረቀት ላይ ካርቦኑ በደንብ አራት እጅ ብቻ እንዳለው አይተናል። እንግዲያው ስህተቱን ደርሰውበት ለመልስ ወረቀቱ ነግረውታል ማለት ነው፤ ለእኛ መንገሩ ብቻ ተዘንግቷል።

አምስተኛው ምስጋና በር ላይ ስለተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ይህን እንደ ሌሎቹ ቀለል አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ወረቀቱ የተለጠፈው ዓርብ ነው። በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያ ነበር፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሰው ሁሉ በበሩ ያልፋል፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እየቆመ ያነብለታል። አባቴ መሪጌታ ኪዳን ከገነተ ማርያም ሲመጡ ቆመው አነበቡት። ከዚያ ወደ ተከራየሁባት ክፍል መጥተው ተቀመጡና «ልጄ፣ ከማን ኮረጅሽ?» አሉኝ። በእጄ ለደረሰኝ የክስ ደብዳቤ እንኳ ያላለቀስኩ ሰው ለዚህች ጥያቄ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

አባቴ ከያዝሽው አንድ ገጽ በይልኝ አሉኝ። ገጽ አርባ ሰባትን አልኩላቸው። ሞጁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዲት ቃል እንኳ አይገባቸውም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ድገሚው አሉ፤ ደገምኩት። አሁንም ድገሚው አሉ። ሦስተኛውን ስጨርስ ዓይናቸውን ገልጠው «ይኼ በቃል የተያዘ ነው፤ የኮረጀ ሰው ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት አይወጣለትም» አሉኝ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ግን «ንባቡስ ደህና ነው፤ ትርጓሜውን ማን ነገራችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። በእሳቸው ጉባኤ ተማሪ ንባቡን ከያዘ በኋላ ትርጓሜውን የሚነግረው መምህር ፊት ይቀመጣል፤ ንባብ ብቻ ይዞ ተማርኩ የሚል የለም። የማንን ስም ልጥራላቸው?

ስለዚህ ሐቁን እኔው ልናገር። እኛ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በቃላችን ይዘነዋል እንጂ አላወቅነውም። አምስት እጅ መሆኑን በዓይናችን አይተን፣ በጣታችን ቆጥረን፣ ስህተት መሆኑን በልባችን ጠርጥረን ጻፍነው፤ ይህ ጥፋት የእኛ ነው፤ ያሳፍረኛልም። ለስድስተኛው ጥያቄ ዜሮ ይገባናል፤ እንዲያውም ከዜሮ በታች ቁጥር ካለ አልከራከርም። ሌባ መባል ግን አይገባንም። እኔ ከተመረቅሁ በመጪው መስከረም ወደ ኩልመስክ አካባቢ እንድሄድ ተመድቤያለሁ፤ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩት የስፖርት መምህሩ ናቸው፤ ልጆቹ ሩጫ ጎብዘዋል ይባላል። ከታገድኩ ቦታው ይታጠፋል። ቦታው ቢቆየኝ እንኳ፣ ኮራጅ ናት ተብላ በር ላይ የተለጠፈች መምህርት ልጆቹን አትኮርጁ ስትል ማን ይሰማታል?

በዚህ መካከል የዘንድሮው መጠይቅ ትናንት ደርሶኛል። ክሱን ያደረሱልኝ ጸሐፊ ናቸው፣ በዚያው እጃቸው፣ «በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስኬታማ ለመሆን ለቀጣይ ተማሪዎች ምን ትመክራለህ/ትመክሪያለሽ?» የሚለውን ቅጽ የሰጡኝ። ዜሮ ያገኘች ሰው ምክር መጠየቋ ትልቅ ክብር ነው፤ ቅጹ የሰጠኝ ቦታ ሁለት መስመር ስለሆነ ግን አልበቃኝምና እዚህ እጽፈዋለሁ። ለሚቀጥሉት እህት ወንድሞቼ፦ ሞጁሉን አንብቡ፣ ከቻላችሁም ያዙት፤ መያዝ ነውር አይደለም። ከያዛችሁ በኋላ ቁጠሩት። አምስት ሆኖ ካገኛችሁት፣ የሣሉት መምህራችሁም ቢሆኑ፣ አምስት ነው በሉ። በተጣደፉ ሰው ፊት ገጹን ገልጣችሁ ቁሙ፤ ቢሮው ቢዘጋም ነገ ተመለሱ። እኛ በጨዋነት ተመልሰን ወጣን፤ ያ ጨዋነት አንድ ዓመት ሊያስቀጣን ነው።

የምለምንዎት ነገር ትንሽ ነው። ዓርብ ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት አሥራ ዘጠኛችንም አንድ በአንድ፣ ለየብቻችን ይጠሩን፤ ከሞጁሉ የፈለጉትን ገጽ ይጥሩልን፤ በቃላችን እንላለን። ካስፈለገ ሦስት ጊዜ እንላለን። ዜማው ለጉባኤው የማይመች ከሆነ በንባብ እንለዋለን። ከዚያ በኋላ የኮረጀ ካገኙ ያግዱት። ካላገኙ ግን፣ የበሩ ወረቀት ከቅዳሜ ገበያ በፊት እንዲነሣ፣ በቦታውም የገጽ አርባ ሰባት እርማት እንዲለጠፍ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የእርማቱን ሥዕል ሪሃና በነፃ ትሥልልዎታለች።

ሦስቱም ወንበሮችዎ ይመቹዎት፣ ከሦስት ወንበር የሚተርፍ ጊዜ ቢገኝም ክፍላችን ድረስ መጥተው ትርጓሜውን የሚነግሩን ያድርግዎት እያልኩ፣ ከዓርብ በፊት ተማሪዎ፣ ከዓርብ በኋላም እርስዎ እንደፈቀዱት የምሆን፣

በከፍተኛ አክብሮት፣
የሻረግ ኪዳን
ተራ ቁጥር 4

ተጨማሪ፦ ለእያንዳንዳችን የደረሰን የክስ ደብዳቤ ሦስተኛ አንቀጽ «በበግና ፍየል በሽታዎች ፈተና ላይ ተመሳሳይ መልስ በመስጠታችሁ» ይላል። ከአሥራ ዘጠኛችን ያንን ትምህርት የተማረ አንድም ሰው የለም። ጠይቀን እንደደረስንበት፣ አንቀጹ አምና ለእንስሳት ጤና ተማሪዎች ከተጻፈ ደብዳቤ ጋር ከነነጠላ ሰረዙ አንድ ዓይነት ነው። ኮሚቴው ኮርጇል ብለን ግን አንከስም፤ ምናልባት የጻፈው ሰው በቃሉ ይዞት ይሆናል።